ሰናፍጩ በመጨረሻ ነው የሚገባው

ልጅ እያለሁ የምፈራው ነገር አልነበረም። ጅብ አልፈራም፣ ጅራፍ አልፈራም፣ አስተማሪ አልፈራም። እንዲያውም አስተማሪው ነበር እኔን መፍራት የነበረበት፤ ምን ያደርጋል፣ ሳይፈራኝ አራተኛ ክፍል ላይ ተለያየን። አንድ ነገር ብቻ እፈራ ነበር፤ የእናቴን ሰናፍጭ። እናንተ የኔ እድሜ ልጆች፣ በበርበሬ ጢስ ታጥነን፣ በሳማ ተገርፈን ያደግን ነንና ሰናፍጭ ደግሞ ምን ያስፈራል ትሉኝ ይሆናል። የእሷን ስላልቀመሳችሁ ነው።

ዛሬ ላሊበላ ላይ ከገበያው ወረድ ብሎ ትንሽ ምግብ ቤት አለችኝ። በሁዳዴ የኔን ስልጆ ሳይበላ የሚያልፍ ሰው የለም፤ ካለም ጤና ቢነሳው ነው። ባቄላውን ወፍጮ ቤት አስፈጫለሁ፣ አልዋሽም። ሰናፍጩን ግን በእናቴ ደንጊያ ራሴ ነው የምፈጨው። መጁን ይዤ ጎንበስ ስል ያ ሽታ አፍንጫዬን ገና ሳይነካው፣ ቅንድቤ ላይ ያለችው ጠባሳ ትበላኛለች። ያን ጊዜ ሁሉም ነገር ይመጣል፤ ደሙም፣ ዱላውም፣ እናቴም።

ስልጆ ለማያውቅ ልንገረው። ባቄላው ተቆልቶ ይከካል፣ ይፈጫል። ሱፉ ይወቀጥና በውሃ ታሽቶ ይጠለላል፤ ወተት የመሰለ ነገር ይወጣዋል። ዱቄቱ በዚያ ተበጥብጦ እሳት ላይ ይማሰላል፣ እንደ ቀጭን ገንፎ እስኪሆን። ሲቀዘቅዝ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብልና ጤና አዳም አንድ ላይ ተደቁሶ ይገባና የማሰሮው አፍ ይታሰራል። ሆዱ እየጮኸ ይቦካል። እስከዚህ ድረስ የአገሩ ሴት ሁሉ ትሠራዋለች። የኛ ቤት የሚለየው በሰናፍጩ ነው። እናቴ ከእናቷ፣ እናቷም ከእናቷ የወረሰችው ነው፤ ሌሎቹ ሰናፍጩን ከሌላው ቅመም ጋር አንድ ላይ ከተው ያቦኩታል፣ እኛ ቤት ግን ሰናፍጩ የሚገባው እንግዳው እጁን ታጥቦ ከተቀመጠ በኋላ ነው።

እናቴ ስታስተምረኝ ምግብ የምታስተምረኝ አይመስልም ነበር፤ ሰው እንዴት እንደሚመታ የምታሳየኝ ነው የሚመስለው። «ደብድበው፣ ሰናፍጭ ሳይደበደብ አይነቃም። አትዘንለት። ሙቅ ውሃ እንዳታሳየው፣ ይሞትብሃል። ቀዝቃዛ ጠብ አድርግበት፣ ይነሳል። ከተነሳ ደግሞ ቶሎ ካልቀረበ ነፋስ ይገድለዋል። የሞተ ሰናፍጭ ለሰው አይሰጥም፣ ነውር ነው።» እህት ስላልነበረኝ ነው ለኔ የተረፈው። የሰፈሩ ልጆች «የጓዳ ድመት» ይሉኝ ነበር። ይህን ያለኝን ሁሉ ደብድቤዋለሁ። የሚበልጡኝ ደበደቡኝ፣ እሱ ሌላ ነገር ነው፤ ግን ሳልመታ የተመታሁበት ቀን የለም።

አጎቴ ጌታነህ የእናቴ ታናሽ ወንድም ነው። አባቴ እኔ ገና ሆድ ውስጥ እያለሁ ለውትድርና ተይዞ እንደሄደ ቀርቷል፤ ስለዚህ እርፍ የያዘልን ጌታነህ ነበር። መንግሥት ተለውጦ መሬት ሲሸነሸን ከነአኩቶ ለአብ ቤተ ክርስቲያን ወዲያ ቁልቁል ያለችው ማሳ ግማሿ ለኛ፣ ግማሿ ደረጀ ለሚባል ሰው ደረሰች። ደረጀ የአያ ሞገስ ልጅ ነው። አያ ሞገስ ማለት በዚያ አገር ሲያስሉ እንኳ ሰው የሚነሳላቸው ሽማግሌ ነበሩ።

አንድ ክረምት የወሰኗ ደንጊያ ከቦታዋ ተነቅላ ወደኛ እርሻ ገብታ ቆማ ተገኘች።

«ጎርፍ ነው የወሰዳት» አለ ደረጀ።

«ጎርፍ ሽቅብ መሄድ የጀመረው ከመቼ ወዲህ ነው?» አለ ጌታነህ።

ከዚያ በኋላ አፍ አልተናገረም፤ ዱላ ነው የተናገረው። ደረጀ ቀድሞ መታ። ጌታነህ ቀጥሎ መታ። ቀድሞ የመታው ሞተ። እኔ ያን ቀን ከብት ውሃ ለማጠጣት ወርጄ ጩኸቱን ነው የሰማሁት። ስደርስ አጎቴ ከሟቹ አጠገብ ተቀምጦ የጣለውን የራሱን ዱላ እንደ እባብ ከሩቅ ያየው ነበር። ሮጦ አላመለጠም። ራሱ ሄዶ እጁን ሰጠ። ወልዲያ ሲፈረድበት አያ ሞገስ ፍርዱን አልሰሙም አሉ፤ የጌታነህን ዓይን ብቻ ነበር የሚያዩት። ዓይኑ ግን ደረቅ ነበር። ያቺ ደረቅ ዓይን ከፍርዱ በላይ አገር ለአገር ተወራች። የጌታነህ ዓይን ደንጊያ ነው ተባለ።

ያቺን ወሬ በጆሮዬ ሳይሆን በግንባሬ ነው የሰማኋት። የሟች ልጅ ሲሳይ ከኔ ሁለት ዓመት ይበልጣል፣ ትምህርት ቤት መንገድ ላይ ይጠብቀኝ ነበር። ጉቶ ላይ ይቀመጣል፣ ጭኑ ላይ ደንጊያ ደርድሮ። አወራወሩ ደግሞ፣ እውነት ለመናገር፣ ግሩም ነው። «እንካ፣ ይቺ ለአጎትህ ዓይን» ይላል፣ ይለቃታል። ቅንድቤን የተረተረችው አንዷ ናት። እኔም ዝም አላልኩም፤ አንድ ጥርሱን አውልቄለታለሁ። እሱ እስከ ዛሬ «የወተት ጥርስ ነበረች፣ ልትወልቅ ቀን ስትጠብቅ ነው ያገኘሃት» ይላል። የወተትም ብትሆን ጥርስ ጥርስ ናት።

አንድ ቀን ደረቴ ላይ ቁጭ ብሎ አፌን በአፈር ሞላውና፣ «አይዞህ፣ አሁን አልገድልህም» አለኝ። «ሳድግ ነው። አሁን እየተለማመድኩ ነው።»

«እኔም አብሬ ነው የማድገው፣ ሞኝ!» አልኩት፣ አፈሩን እየተፋሁ። መልሴ አሪፍ ነበረች፤ ማታ ግን እንቅልፍ አልወሰደኝም። ቀልዱን አልነበረማ። በኛ አገር ደም ካልታረቀ ልጅ ያድጋል፣ ዱላውም አብሮት ያድጋል። እናቴ ቁስሌን ስታጥብ «ደምን በውሃ ነው የሚያጥቡት፣ በደም ካጠቡት መቼ ይጠራና» ትል ነበር። ለኔ ትበለው ለወንድሟ አላውቅም።

ጌታነህ ፍርዱን ጨርሶ ሲመለስ አስፈሪ ሰው ይመጣል ብዬ ነበር። የመጣው ግን በር ሲንኳኳ ጓዳ የሚገባ ሰው ነው። ለሽንት ሲወጣ እንኳ እናቴ ቀድማ ወጥታ ግራ ቀኙን ታያለች። የመንግሥት ፍርድ አልቋል፤ የአያ ሞገስ ግን ገና አልተጀመረም። ያን ጊዜ የሁለቱም ቤት የነፍስ አባት የነበሩት ቄስ ፈንታው ጾሙ ከገባ ጀምሮ ዳገት ሲወጡ ሲወርዱ ከረሙ። እዚያ ሄደው ይለምናሉ፣ እዚህ መጥተው ይቆጣሉ። በመጨረሻ አያ ሞገስ እሺ አሉ። እርቁ በመጋቢት መድኃኔዓለም ይሁን፤ ድግሱን የገዳይ እህት ትሥራ፤ ገዳይ በገዛ እጁ የሟችን አባት ያጉርስ፣ አባትየውም መልሰው ያጉርሱት። ከአንድ ገበታ ከተበላ ደሙ ደረቀ ማለት ነው። ሳይበላ ከተበተነ ግን ጌታነህ ፋሲካን አያያትም። ይህን ሁሉም ያውቀዋል፣ ከብቶቹም ሳይቀሩ።

ዋዜማው ላይ ጌታነህ ጓዳ ገባና እናቴን ለመናት። «እቴ የሺ፣ እባክሽ ሰናፍጩን ቀነስ አድርጊው። ሽማግሌ ናቸው።»

እናቴ መጁን ሳትለቅ ቀና ብላ አየችው። «ለወዳጄ ያቀረብኩትን ነው ለደመኛዬም የማቀርበው። አለስልሼ ብሰጣቸው ፈሩን ነው የሚሉት፣ ወይም ናቁን። አንተ ብቻ እጅህ እንዳይንቀጠቀጥ።»

«እጄ አይንቀጠቀጥም» አለ። እያለ ሁለት እጁን ጋቢው ሥር ደበቀ።

በማግስቱ ከቅዳሴ መልስ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጪ ካለችው ወይራ ሥር ተሰበሰብን። ዱላውም፣ የአንዱ የአያ ሞገስ ሚሊሻ ዘመድ ክላሽም ተሰብስቦ እማዶ ግንቡ ሥር ተደገፈ። ጌታነህ ቀኑን ሙሉ በማንም ላይ እጁን ላያነሳ መስቀል መትቶ ማለ። ከዚያ ትልቅ ደንጊያ ማጅራቱ ላይ ተሸክሞ መጣና አያ ሞገስ እግር ሥር በግንባሩ ተደፋ። አያ ሞገስ ቶሎ ተነስ አላሉትም። ዝንብ ጆሮው ላይ እያረፈች፣ ላቡ አፈሩን እያረጠበው፣ ዝም ብለው አዩት። ሲሳይ ከአያቱ ጎን ቆሞ የታችኛውን ከንፈሩን ያኝካል። ስንት ጊዜ አለፈ አልልም፤ እኔ ሦስቴ ሽንቴ መጥቶ ሦስቴ ተመልሷል። በመጨረሻ «አንሱለት» አሉ። ቄስ ፈንታው ደንጊያውን ከማጅራቱ አንስተው ወይራዋ ሥር አስቀመጡት። ያቺን ደንጊያ አትርሷት።

እንጀራው ተነጠፈ። እናቴ ስልጆውን ከማሰሮው ወደ ትልቁ ገበቴ ገለበጠችና እንደ አገሩ ደንብ በመዳፏ ጨልፋ፣ ሁሉም እያያት ላሰች። መርዝ የለበትም ማለት ነው። የአያ ሞገስ ወገኖች ራሳቸውን ነቀነቁ። አንዱ እንዲያውም «ደግ ነው» አለ። እስከዚህ ድረስ ሁሉም ሰላም።

ከዚያ እናቴ፣ እናቷ እንዳስተማረቻት፣ የእናቷም እናት እንዳስተማረቻት፣ ከነጠላዋ ሥር ትንሿን ቅል አወጣችና ሕይወት ያለውን ሰናፍጭ ስልጆው ላይ ደፍታ አማሰለችው። ምንም አልጠረጠረችም። የሰናፍጭ ቦታው መጨረሻ ነው፣ አለቀ። ሌሎቹ ቤት ግን እንደዚህ አይሠራም፤ ይህን እሷ ረሳችው። እኔም አላሰብኩትም፣ እኔ እንኳ ልብ ሳልል ማን ልብ ይላል! ልብ ያለች አንዲት ሴት ነበረች፤ የሟች ሚስት፣ የሲሳይ እናት። ዓይኗ ከቅሏ አልተነቀለም።

ጌታነህ ጠቅልሎ ተነሳ። «ፍቅር ካላስጨነቀ፣ ጉርሻ ካላነቀ አያምርም» የሚሉት ሽማግሌዎች ያን ቀን ቢኖሩ ኖሮ ተረታቸውን ይመልሱ ነበር። ያ ጉርሻ የሕፃን ራስ ያክላል። አነሰ እንዳይባል ፈርቶ ነው፤ ስልጆውን ከገበቴው መሀል፣ ሰናፍጩ ከተቋጠረበት ቦታ ነው የዘገነው። አያ ሞገስ ደግሞ ኩሩ ናቸው፣ ከገዳይ እጅ ፈርተው ቆነጠሩ አይባሉም። አፋቸውን ከፍተው ሙሉውን ተቀበሉ።

ፊታቸው መጀመሪያ ቀላ፣ ከዚያ እንደ ጉበት ጠቆረ። ጥምጥማቸው ወደቀ። ጉሮሯቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ በካራ የተያዘ በሬ የሚያወጣውን ድምፅ አውጥተው ወደ ኋላቸው ተንጋለሉ። እግራቸው አፈሩን ይጭራል። አፍንጫቸው ውስጥ ምን እየተካሄደ እንደሆነ ከዚያ ሁሉ ሰው እኔ ብቻ ነኝ የማውቀው፤ እዚያ ቦታ ደርሼ ተመልሻለሁ።

የሟች ሚስት ጮኸች። «ከቀመሰች በኋላ ነው የጨመረችው! በዓይኔ አይቻለሁ! ገደሏቸው!»

በቃ። ሰማዩ ነው የተገለበጠው። እንጀራው በእግር ተረገጠ። ዱላው ከግንቡ እስኪመጣ ያልታገሠ ያገኘውን አነሳ፤ አንዱ በርጩማ፣ አንዱ የውሃ ገንቦ፣ አንዱ የገዛ ጫማውን። ገንቦው የኛ ጎረቤት ራስ ላይ ሲፈርስ ውሃና ደም አብሮ ወረደ። የሰው ጥርስ እንጀራ ላይ አየሁ፣ ይቺ የወተት አልነበረችም። ሚሊሻው ወደ ክላሹ ሊሮጥ ሲል ቄስ ፈንታው በመቋሚያ ቅልጥሙን አሉት። ቄስ ፈንታው ለሰላም ሲሉ ያን ቀን የጣሉትን ሰው ብዛት ጠበኞቹ ራሳቸው አልጣሉም። «ተው ልጆቼ!» ይላሉ፣ ዷ! «በመድኃኔዓለም!» ይላሉ፣ ዷ!

ጌታነህ ግን ሁለት እጁን ወደ ኋላው አድርጎ እንደ ታሰረ ሰው ቆመ። መሐላው ነው። በዱላ ሲሉት አይከላከልም፣ በቡጢ ሲሉት አይከላከልም። ጆሮው ተተረተረ። ጉልበቱን ሲመቱት ተንበረከከ፣ ጀርባውን ሲመቱት ተደፋ። እጁ አሁንም ከኋላው ነው። እንደዚያ ዓይነት ጀግንነት አይቼ አላውቅም፣ እኔ ብሆን ኖሮ ስንቱን እነክሰው ነበር።

ያን ጊዜ ነው ሲሳይን ያየሁት። ወይራዋ ሥር የተቀመጠችውን ደንጊያ፣ አጎቴ ለይቅርታ የተሸከማትን፣ አነሳት። ከሱ አቅም በላይ ናት። እየተንገዳገደ መጥቶ ከአጎቴ ራስ በላይ አደረጋት። አሁን መለማመድ አልነበረም።

እናቴ አንገቴን ይዛ ጎተተችኝ። እንደ ጠቦት ነው የጎተተችኝ። ቅሏ ውስጥ የቀረውን ሰናፍጭ፣ ባቄላ ያልነካውን፣ ሱፍ ያላየውን፣ በጣቷ ጠርጋ መዳፏ ላይ አወጣችው። ጆሮዬ ላይ ተለጥፋ «እንዳታለቅስ» አለችኝ። «ካለቀስክ አጎትህ ሞተ። ትንፋሽህን ያዝ።» ከዚያ ለሁሉም በሚሰማ ድምፅ፣ «ይኸው! ካንድ ልጅ ሌላ የለኝም! መርዝ ከሆነ በልጄ ይጀምር!» ብላ ሙሉውን አፌ ውስጥ ከተተችው።

ወገኖቼ፣ ላስረዳችሁ አልችልም። እሳት ቢሆን ቦታ አለው፣ እዚህ ጋ አቃጠለኝ ትላላችሁ። ይኼ ቦታ የለውም። በአፍንጫዬ ወጥቶ በጆሮዬ አፏጨ። አሥራ አንዱንም የላሊበላ ቤተ ክርስቲያን ባንዴ አየሁ፣ ያልተፈለፈለም አሥራ ሁለተኛ አየሁ። እንባዬ ዓይኔ ጫፍ ላይ መጥታ ቆመች፤ ዓይኔን አፍጥጬ ለነፋስ ሰጠኋት፣ እንድትደርቅልኝ። ሲሳይ ደንጊያዋን እንደያዘ ዓይኔን ያያል። ሁሉም ዓይኔን ያያል። ዋጥኩ። ሆዴ ድረስ ስትወርድ ቆጠርኳት። ከዚያ አፌን ከፍቼ ባዶ መሆኑን አሳየሁና፣ እናቴን ቀና ብዬ አይቼ፣

«ድገሚኝ» አልኳት።

የያዘውን የያዘ ሰው ይዞት ቀረ። አንዱ በርጩማውን አየር ላይ እንዳንጠለጠለ ነው።

በዚያ መሀል ከመሬት አንድ ነገር ፈነዳ። አያ ሞገስ ነበሩ። አነጠሱ። እንዲህ ያለ ንጥሻ ከሰው አይወጣም፣ ወይራዋ ቅጠል አረገፈች ብል ታምኑኛላችሁ? አትመኑኝ፤ ግን አረገፈች። ያ የተሰነቀረ እንጀራ ወጣ፣ ትንፋሻቸው ገባ። ከሥራቸው ደግሞ፣ በአፉ አፈርና ደም ሞልቶ፣ በግንባሩ የተደፋው ጌታነህ፣ ከልጅነቱ ጀምሮ እንደ ለመደው፣ ሳያስበው፣

«ይማርዎት» አለ።

አያ ሞገስም ከልጅነታቸው ጀምሮ እንደ ለመዱት፣ ሳያስቡት፣ አፋቸውን ከፈቱ። ለዚህ መልሱ አንድ ነው፤ ሕፃን ያውቀዋል፤ «ያኑርህ» ነው። «ያ...» አሉና ቆሙ። ለልጃቸው ገዳይ ዕድሜ ሊለምኑ መሆኑን ምላሳቸው ላይ ሲደርስ አወቁት። አፋቸውን ዘጉ። ሁላችንም ያቺን የቀረችዋን ቃል ጠበቅን። ሲሳይም፣ ደንጊያዋም ጠበቁ።

አያ ሞገስ ተነሱ። እየሳሉ፣ በክንዳቸው ዓይናቸውን እየጠረጉ፣ ወደ ገበቴው ሄዱ። ካልተረገጠው እንጀራ ቆረሱ። ስልጆውን ከዚያው ከመሀሉ ዛቁና ጌታነህን በፀጉሩ ይዘው ቀና አደረጉት። ጉርሻውን አፉ ውስጥ ጠቀጠቁት፣ በመዳፋቸውም አፉን ገጥመው ያዙት።

«ወልዲያ ድረስ በእግሬ ሄጄ ዓይንህን አይቻለሁ» አሉት። «ደረቅ ነበር። ለልጄ ያላወጣኸውን አሁን አውጣ! አልቅስ! አልቅስልኝ!»

ጌታነህ ታፈነ፣ ተንፈራገጠ፣ እጁን ግን ከኋላው አላነሳም። ያን ጊዜ ከዚያ ደንጊያ ከተባለ ዓይን እንባ ወረደ። በአያ ሞገስ ጣቶች መሀል ወረደ። ሽማግሌው እጃቸውን ካነሱለት በኋላ፣ እንጀራውን ከዋጠ በኋላ፣ ሰናፍጩ ለቆት መሄድ ካለበት ጊዜ በኋላም አላቆመም። «ደረጀ» ይላል። «ደረጀ፣ ደረጀ» ይላል፣ እንደ ሴት ደረቱን እየመታ። አያ ሞገስ አጠገቡ አፈር ላይ ቁጭ ብለው አብረውት አለቀሱ። የስንቱ እንባ የሰናፍጩ፣ የስንቱ የደረጀ እንደሆነ የጠየቀ የለም።

ብዙ ቆይተው ነው፣ አፍንጫቸውን በነጠላቸው ጠርገው፣ ማንንም ሳያዩ፣

«ያኑርህ» አሉ።

ከዚያ ወደ ሲሳይ ዞሩ። «አውርዳት ልጄ፣ ከበደችህ። ማሳው ላይ እንወስዳታለን፣ ወሰን ትሁን።» ሲሳይ ደንጊያዋን ሲያወርድ የገዛ አውራ ጣቱ ላይ ነው ያወረዳት። ጮኸ። ለጀግንነቴ መድኃኔዓለም ወዲያው ከፍሎኛል። እኔ ግን ያን ጊዜ መሳቅ አልቻልኩም፤ ከወይራዋ ጀርባ ዞሬ ሆዴን ይዤ የያዝኳትን እንባ በሙሉ እየለቀቅኳት ነበር። እናቴ አግኝታኝ ራሴን ጡቷ ላይ ቀበረችው። ጣቷ አሁንም ሰናፍጭ ነበረበትና ዓይኔን ስትጠርግልኝ እንደ ገና አቃጠለችኝ።

ደንጊያዋ እስከ ዛሬ እዚያው ናት። አያ ሞገስ አርፈዋል፣ ጌታነህ ቀብራቸው ላይ አፈር ካለበሷቸው አንዱ ነበር። እናቴም አርፋለች። ከዚያ ቀን ወዲህ እስክትሞት ድረስ ስልጆ የምትቀምሰው ሁለት ጊዜ ነበር፤ አንዴ እንደ አገሩ ደንብ፣ አንዴ ሰናፍጩ ከገባ በኋላ። ስለዚህ እኔ የወረስኩት ሙያ አያቴ የማታውቃት አንዲት ነገር አለችበት። ሰናፍጩ በመጨረሻ ነው የሚገባው፤ ከመጨረሻው በኋላ ደግሞ ሠሪው ይቀምሳል።

ዛሬ ሰናፍጭ በብልቃጥ ይሸጣል። ለስላሳ ነው፣ ጣፋጭ ነው፣ ሬሳ ነው። ጠቡም እንደሱ ሆኗል። በየመጠጥ ቤቱ ጎረምሳ ጠርሙስ ሰብሮ ይፋለማል፣ ፖሊስ ይመጣል፣ ፈርመው ይወጣሉ፣ በማግስቱ በአስፓልቱ ማዶና ማዶ አንገታቸውን ደፍተው ይተላለፋሉ። ታርቀዋል ይባላል። የተጎራረሰ የለም፣ የታነቀ የለም፣ ያነጠሰ የለም። የኛዎቹ ሲመቱም ሲታረቁም ይበዛባቸው ነበር፤ ግን ሲያልቅ ያልቅ ነበር።

ያልቅ ነበር እላለሁ። ሲሳይ ዛሬ አስጎብኚ ነው፤ እንግሊዝኛውን እንደ ደንጊያው ነው የሚወረውረው፣ ፈረንጆቹን ወደኔ ያመጣቸዋል። በየዓመቱ በመጋቢት መድኃኔዓለም ግን ብቻውን ይመጣል። ጥግ ላይ ይቀመጣል። ስልጆውን አቀርባለሁ፣ እዚያው ፊት ለፊቱ ሰናፍጩን ስልጆው ላይ አፈሳለሁ፣ አማስላለሁ። ሳህኑን በአንድ ጣቱ ወደኔ ይገፋዋል። «ቅመስ፣ የጓዳ ድመት» ይለኛል። ይስቃል። እኔም እስቃለሁ። እስክውጥ ድረስ ግን ጉሮሮዬን ያየዋል። ከዋጥኩ በኋላ አፉን ይከፍታል፣ አጎርሰዋለሁ፣ የሕፃን ራስ የሚያክል። ያነጥሳል።

«ይማርህ» እለዋለሁ።

ዓይኑን ይጠርጋል። ውሃ ይጠጣል። በመስኮቱ መንገዱን ያያል። መልሷን አውቆ ያዘገያታል። እኔም ማሰሮዬን አቅፌ፣ እንደዚያ ቀን፣ ሳልተነፍስ እጠብቃለሁ።